አቧራ ለባሹ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተራ አቧራ መስሎኝ ነበር። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለችው ጥበት በደረቴ ተኝቼ፣ አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን አግዳሚ እንጨት እያየሁ ነበር። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ታዲያ አግዳሚው ላይ ከሽንብራ ፍሬ የማትበልጥ የአቧራ ጓል ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዓይኔን አሸሁ። ጓሏ ትንሽ ቆይታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዘችና ሌላ ሁለት እርምጃ ጨመረች። እዚያ ከወጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፤ እብደት የሚጀምረው እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እዚያ የወጣሁት ወታደር ላለመሆን ነው። ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ቀበሌያችን በየዙሩ የሚያስረክበው የወጣት ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩ አልሞላ ሲል መንገድ ላይ ያገኙትን ያፍሱ ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩ፣ ስሜ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረ። ከመንደራችን ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ሄደዋል። የሁለቱ መርዶ መጥቷል፤ የሦስተኛው እናት ደብዳቤ ትጠብቃለች። ፈሪ ነበርክ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ነበርኩ። እሱም በኔ ቦታ ቢሆን ያችኑ ጥበት ይሻማኝ ነበር።

ቤታችን ላፍቶ ነው። ያኔ ላፍቶ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት የከተማ ዳር እንጂ ዛሬ የምታዩት ፎቅ በፎቅ አልነበረም። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እህቴ ናት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በንፋስ ስልክ በኩል ካለ አንድ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። የመደበቁ ሐሳብም የእሷ ነው። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፋፍቶ የተወጠረ፣ በኖራ የተቀባ ነበር። ከላዩ ሁለት ጣውላ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ አጋደመችልኝ፤ በጓዳ በኩል ያለውን ስፌት ፈትታ በመንጠቆ የሚዘጋ በር አበጀችለት። ምግቡ በዚያ ይገባል፣ የሽንት ጣሳው በዚያ ይወጣል። ቀን ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ እርጥበቱ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። ሳል ሲመጣብኝ እስኪዘንብ እጠብቅ ነበር። ጊዜው ክረምት ስለሆነ ዝናብ አይጠፋም፤ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር የቀኑን ሳል ሁሉ አንድ ላይ እስላለሁ። እናቴ ከታች ሆና ትሰማኝና ዝናቡ ሲያባራ፣ "ጨረስክ?" ትለኝ ነበር።

ትልቁ ችግራችን ግን እናቴ ነበረች። እናቴ አትዋሽም። ሰው ሁሉ ስለ እናቱ እንደሚለው አይደለም የምለው። ከወላይታ የመጣች፣ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ የሐሰት ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት። ጎረቤት ወጥ አቅርባ "እንዴት ነው?" ብትላት፣ "ጨው በዝቶበታል" ትላለች፤ ከዚያ ሙልጭ አድርጋ ትበላለች። እህቴ "አገር ቤት ሄዷል በያቸው" ብላ ብትለምናት፣ ብታለቅስባት፣ እምቢ አለች። በመጨረሻ የራሷን መላ አገኘች። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቦ በራፋችን ላይ ሲቆም እንዲህ ይባባሉ ነበር፦

"እማማ፣ ልጅዎ የት ነው ያለው?"

"በጌታ እጅ ነው።"

"የምን ጌታ? ጌታ እኮ ቀርቷል፤ አሁን ጓድ ነው የሚባለው።"

"ያንተው ቀርቶ ይሆናል። የኔው አለ።"

የሰፈራችን ሰው ስለሆነ ስቆ ይሄዳል። እኔ ከላይ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

በእውነቱ ግን ያተረፈችን ጎረቤታችን ናት። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ከመካኒሳ አቦ ቀርታ የማታውቅ፣ እኛን "ጴንጤዎቹ" እያለች የምትጠራ፣ ሰላምታዋም የተቆጠበ ሴት ነበረች። ሳሌን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሰምታው ኖሯል። ጥበቃዎቹ ሲጠይቋት፣ "አቦን! ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሲሳፈር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ" ብላ ማለችላቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ አዘነች። በሐሰት ስለማለችው ጎረቤት ነፍስ ሦስት ቀን ጾመች። እንዲህ ዓይነት ቤት ነው የኛ ቤት።

ወደ አቧራ ለባሹ ልመለስ። ስሙን አላውቅም ነበር፤ አቧራ ለባሹ ያልኩት እኔ ነኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ከትኋን ወገን እንደሆነና ፈረንጆቹ ነፍሰ ገዳይ ብለው እንደሚጠሩት ነገረኝ። የሚገርመው ሲገድል የሚቸኩል ነገር አለመሆኑ ነው።

ገላው ላይ ያለው ፀጉር የሚያጣብቅ ነገር አለው። አቧራውን በኋላ እግሮቹ እየጠረገ ጀርባው ላይ ይለጥፋል። ከአቧራው በላይ ደግሞ የሞቱ ጉንዳኖች ይጭናል። አንዳንድ ቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ሬሳ ተሸክሞ አየዋለሁ፤ ክምሩ ከራሱ ይበልጣል። አግዳሚው ላይ የጉንዳን መንገድ ያልፍ ነበር፤ ከእጄ የሚረግፈውን የዳቦ ፍርፋሪ ተከትለው የመጡ ናቸው። አቧራ ለባሹ ከመንገዳቸው ዳር ይቆማል። ጥግ አይዝም፣ አይሸሸግም። ጉንዳኖቹ እየመጡ በራሳቸው ላይ ባሉት ቀጫጭን ቀንዶች ይዳስሱታል፤ የሚሸታቸው የገዛ ወገናቸው ነው፤ ያልፋሉ።

ከዚያ አንዱን ይመርጣል። በፊት እግሩ ጀርባውን ነካ ያደርገዋል፤ በጣም በቀስታ፣ ጉንዳኑ ዞር እንኳ አይልም። ይቆማል። ደግሞ ነካ ያደርገዋል። ጉንዳኑ ንክኪውን ከለመደ በኋላ፣ ከአገጩ ሥር እንደ ሰንጢ ታጥፎ የነበረው መውጊያ ይዘረጋና ራሱ ከአንገቱ በሚገናኝበት ላይ ይገባል። ጉንዳኑ ሁለት ጊዜ ይራገጣል፣ አለቀ። የረጨበት መርዝ ውስጡን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውን በዚያው በመውጊያው ይመጠዋል። ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሌሎቹ ጉንዳኖች በአጠገቡ ሸክማቸውን ይዘው ይመላለሳሉ። ሲጨርስ ባዶውን ቅርፊት ብድግ አድርጎ ከሌሎቹ በላይ ይጭነዋል። የዛሬው ሟች የነገ ልብሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ለማየት የናፈቀ ሰው የሚወደውን አይመርጥም። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነበር። አደን ሲያጣ አዝንለት ጀመር፤ ፍርፋሪውን ወደ እሱ አቅርቤ እየበተንኩ ጉንዳኖቹን አመጣለት ነበር። አንድ ቀን እንሽላሊት ከግድግዳው ወጥታ ላፍ አደረገችው። አለቀለት አልኩ። እሷ አፏ ውስጥ የቀረው ግን የአቧራና የጉንዳን ሬሳ ክምር ብቻ ነው፤ እሱ ልብሱን ጥሎላት ራቁቱን ስንጥቅ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አዲስ አቧራ ሲለብስ አየሁት። በዚያን ቀን በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ጊዜ ወጋኝ። ጥበቃው እታች ከእናቴ ጋር ሲባባል እጄን አግዳሚው ላይ እንደዘረጋሁ ደርቄ ቀርቼ ነበር። አውራ ጣቴን ምን እንዳስመሰለው እንጃ፣ መጥቶ ነካ አደረገኝ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወጋኝ። የጋለ መርፌ አጥንቴ ድረስ የገባ መሰለኝ። እጅጌዬን ነከስኩ። እንባዬ ኮርኒሱ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት፣ ድምፄ ግን አልወጣም። ጥበቃው ሲሄድ እናቴ በጓዳው በር እጄን ተቀብላ አየችው፤ ጣቴ አብጦ ሁለት አክሏል። ቅቤ እየቀባችልኝ፣ "ይህን ችለህ ዝም ያልክ ልጅ ማንም አያገኝህም" አለችኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ጸሎት ነበር። የጸሎት ቤቶቹ ተዘግተው ስለነበር በየቤቱ ነው የሚገናኙት፤ ዘጠኝ ያህል ሰዎች፣ አንድ በአንድ፣ አንዷ ሽንኩርት ይዛ፣ አንዱ መዶሻ ልዋስ ብሎ እየገባ። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ጭብጨባው አንድ ጣት መዳፍ ላይ በመምታት ነው። ከመጸለያቸው በፊት አንድ ልማድ አላቸው፤ ዛሬም አለ። እያንዳንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል፦ ባሌ ታሟል፣ ወንድሜ ታስሯል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሌሎቹ ያንን ይዘው ይጸልዩለታል። ርዕስህን ከወንድሞችህ መደበቅ ከእግዚአብሔር እንደመደበቅ ይቆጠራል። እናቴ ተራዋ ሲደርስ "የልቤን ጌታ ያውቃል" ብላ ታልፍ ነበር። ይህን እንድትል ያስማልናት እህቴና እኔ ነን። ስለ እኔ አንዲት ቃል ላትናገር ቃል ገብታልናለች፤ እናቴ ደግሞ ቃል ከገባች ገባች ነው።

እኔ ሁሉንም አያለሁ። አይጥ ኮርኒሱ ላይ የጥፍር ያህል ቀዳዳ በልታ ነበርና ዓይኔን እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ዘጠኝ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን አንሥቶ ይታየኛል።

ኅዳር ላይ አሥረኛ ሰው ተጨመረ። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ነበር። ክፍለ ሀገር ስለ እምነቱ ታስሮ እንደነበረና ውስጥ እግሩን እንደገረፉት ተናገረ። ከኅብረቱ የታሰሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል እንደነበረ ነገራቸው። ሰላምታ ይዞ መጣ። የአንደኛው ጉልበት እንደሚያመው ያውቃል፤ ሌላው እንቅልፍ ሲያጣ የሚያንጎራጉረውን መዝሙር ያውቃል። ከኪሱ የአንዱን መሐረብ አወጣ። መሐረቡን እየተቀባበሉ አለቀሱበት፤ እናቴ ፊቷን ጠረገችበት። እኔም ከላይ ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ "ወንድማችን" ሆነ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁሉም ሲጸልዩ የእሱ ዓይን ተገልጦ አየሁት። እጁን እንደ ሌሎቹ አንሥቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ "አሜን" ከማንም አልቀደመም፣ ከማንም አልዘገየም። ዓይኑ ግን ይዞራል። ከበሩ አጠገብ የተወለቁትን ጫማዎች ተመለከተ። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ። ግድግዳውን አየ። በመጨረሻ ቀና አለና ጣውላዬ ኮርኒሱን ትንሽ የጫነበትን ቦታ ተመለከተ፤ እዚያው ላይ ቆየ። ያን ጊዜ ነው መሐረቡ ትዝ ያለኝ፣ የሽማግሌው ጉልበት፣ መዝሙሩ። ይህ ሰው የገባው የበላቸውን ተሸክሞ ነው። ጀርባው ላይ ያለው የወንድሞቻቸው ሽታ ነው፣ እነሱም ዳስሰው አሳለፉት።

ለእህቴ ነገርኳት። ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ተቆጣች፤ ስትቆጣ ብዙ ጊዜ አላየናትም።

"ዓይኑን ገልጦ የጸለየ ሁሉ ሰላይ ነው? ጌታም ሲጸልይ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቷል።"

"እማዬ፣ ይሄ ወደ ሰማይ አይደለም ያየው፤ ወደ ኮርኒሱ ነው" አለች እህቴ።

"ውስጥ እግሩን አይቼዋለሁ እኮ። ጠባሳውን አይቼዋለሁ። በተገረፈ ወንድም ላይ ክፉ አላስብም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቃሌን ግን እጠብቃለሁ። ስለ ልጄ አንዲት ቃል አይሰማም።"

ሌላ ቦታ አልነበረንም። እህቴ ለቡ በኩል የምታውቀው ገበሬ ነበርና እህል ሲታጨድ ወደዚያ ልታሻግረኝ ማፈላለግ ጀመረች። ለሚመጣው ሳምንት ሰኞ ተቀጠረ። የቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ የለም። እህቴ ፈረቃ ላይ ናት። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ አንዱ የጸሎት ርዕስ ሊናገር ሲል ሰውዬው እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ።

"ርዕስ ከመቀበላችን በፊት፣" አለ፤ "ጌታ አንድ ነገር አሳይቶኛል።"

እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ቀልድ አይደለም። ጌታ ለአንዱ አሳይቶ ለሌላው ይናገራል ብለው ያምናሉ፤ በዚህም ብዙ ሰው ተጽናንቷል።

"በዚህ ቤት ሸክም አለ" አለ። "ከራስ በላይ የሆነ ሸክም።"

የእናቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሱም አየ። ቆመ፤ አልቸኮለም።

"እናታችን፣ ሸክሙ የርስዎ ነው?"

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ስለ ልጅ ነው?"

ማልቀስ ጀመረች፤ ስድስት ወር ሙሉ ስለ እኔ ያላለቀሰችውን።

"ሩቅ አይደለም" አለ፤ ድምፁ ከመለስለሱ የተነሣ ልሰማው ጆሮዬን አዘነበልኩ። "ጌታ ሩቅ አላሳየኝም። ይህን ቃላችንን እየሰማ ነው።"

ላውቀው ይገባ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ ነው፤ ነካ ማድረግ፣ መቆም፣ ደግሞ ነካ ማድረግ። ብጮህ ራሴን ማጋለጤ ነው፤ ዝም ብል እሷ ታጋልጠኛለች። ጣውላውን በጥፍሬ ቧጨርኩ። እማዬ፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ በእግዚአብሔር እያልኩ በልቤ ለመንኳት። እሷን የማያዳምጥ እግዚአብሔር ያለ አይመስላትም፤ እኔን ግን በዚያች ሰዓት ማንም አልሰማኝም።

"ይሰማናል" አለች እናቴ። "አዎ። አሁንም ይሰማናል።" እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ከዚያ ሁሉም ተነሥተው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። አሥር ሰው፣ ሃያ መዳፍ፣ ወደ ኮርኒሱ፣ ወደ ፊቴ። ሸፍነው ጌታ፣ ሰውረው ጌታ እያሉ በሹክሹክታ አለቀሱልኝ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ወዶኝ አያውቅም። ዓይናቸው ሁሉ ተጨፍኗል፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሱ ኮርኒሱን ሳይሆን ቀዳዳዋን ነበር የሚያየው።

ሲወጡ እንደ ወትሮው አንድ በአንድ ወጡ። እሱ መጨረሻ አልሆነም፣ መጀመሪያም አልሆነም፤ ሦስተኛ ነው የወጣው። ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ በጓዳው በኩል መጥታ መንጠቆውን አወለቀች። ፊቷ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ስታበራ አይቻት አላውቅም።

"ሰማህ?" አለችኝ። "እኔ እኮ አልነገርኩትም። ቃሌን አልበላሁም። ጌታ ራሱ ነው የነገረው። እየጠበቀህ ነው ልጄ፣ እያየህ ነው።"

ያን ጊዜ ነበር መዝለል የነበረብኝ። ከቤታችን ጀርባ የሽንብራው ማሳ አለ፣ ከማሳው በታች ወንዙ አለ። ጥቂት ደቂቃ ነበረኝ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ስቆጥረው በደንብ ነበረኝ። ግን ለመዝለል መጀመሪያ ያደረገችውን ልነግራት ነው። ያንን ፊት ልሰብረው ነው። አልቻልኩም። "ሰማሁ እማዬ" አልኳት። እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳበሰችኝ። እንደዚያ ሆነን ቆየን። ደቂቃዎቹ በዚያ አለቁ።

አራት ሆነው መጡ። ያ የሰፈራችን ጥበቃም አብሯቸው ነበር፤ አጣና ይዟል። እናቴ እንደ ልማዷ በራፉ ላይ ቆመች፤ ጥያቄውን ጠበቀች። አልጠየቃትም። በአጠገቧ አልፎ ገባ፤ ጓዳውን አላየም፣ አልጋ ሥር አላየም። ቀጥ ብሎ መጥቶ አጣናውን ጣውላዬ ባረፈበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ገፋ አደረገው።

"ውረድ" አለ ቀስ ብሎ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ስወርድ እግሬ አልያዘኝም፤ ተንኮታኩቼ እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ። እሷ ግን እኔን አይደለም ያየችው፣ ጥበቃውን ነው።

"ለምንድነው ያልጠየቅኸኝ?" አለችው። "ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። ዛሬ ለምን አልጠየቅኸኝም?"

እኔን አንሥተው ወሰዱኝ። ጎረቤታችን በአጥሯ ላይ ሆና፣ "አገሩ ሄዷል ብያችሁ አልነበረም እንዴ፣ ይሄ ሌላ ነው!" እያለች ስትጮህ ሰማኋት፤ ዓይናቸው እያየ። እስከ መጨረሻው ማለችልኝ። በዚያው ሳምንት ከዘጠኙ ሦስቱ ታሰሩ። ሰውዬው ሁለተኛ አልታየም። ከዓመታት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ የፈለጉት ነበሩ፤ የነገራቸው ስም የሌላ ሰው፣ ክፍለ ሀገሩም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። እጃቸው ላይ የቀረው መሐረቡ ብቻ ነው።

ስለ ጦርነቱ አልጽፍም። ግራ እግሬን ከጉልበት በታች እዚያ ትቼው በሦስተኛው ዓመት ተመለስኩ። እናቴ አጥሩ ሥር ቆማ በክራንች ስመጣ አየችኝ፤ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም። አስገብታ አልጋ ላይ አስቀመጠችኝና ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ ሁሉ ነጥቷል። ኮርኒሱ አዲስ ከረጢት ተሰፍቶበታል፤ የአይጧ ቀዳዳ የለችም። እህቴ ከጓዳ ሆና ትሰማን ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ። "ያን ቀን እንዴት አወቁ?"

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምሽግ ውስጥ ተኝቼ የተዘጋጀሁት ለዚህች ጥያቄ ነው። አንዳንዴ በንዴት፣ ልነግራት፣ ልጮህባት፤ በአፍሽ ሸጥሽኝ ልላት። እግሬን የቆረጡኝ ቀን እንደዚያ ብዬ ጮኼያለሁ መሰለኝ። አሁን ግን ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አሳለኝ እማዬ" አልኳት። "ሰዎቹን ስትሸኚ አሳለኝ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሰማኝ።"

እጄን ወስዳ ገለበጠችው፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለችውን ጠባሳ ፈልጋ አገኘችና በጣቷ ደጋግማ አሸቻት። ዝናብ ሳይመጣ ስዬ እንደማላውቅ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ማለዳ ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጣ ጨምቃ በስኒ አመጣችልኝ።

"ጠጣው" አለችኝ። "ለሳልህ።"

ሳል አልነበረኝም። ጠጣሁት። በነጋታውም አመጣችልኝ፣ ጠጣሁት። ያን ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስኒውን ተቀብዬ ባዶውን መልሼላታለሁ፤ ሁለታችንም ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ደርግ ወድቆ የጸሎት ቤቶቹ ሲከፈቱ ሕዝቡ በድምፅ ማጉያ መዘመር ጀመረ፤ ጭብጨባው መንገድ ድረስ ይሰማል። እናቴ ከኔ ጋር የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር፣ በሩ አጠገብ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን እሷ አትጨፍንም። ይህን የማውቀው እኔም ስለማልጨፍን ነው። ከዚያ የጸሎት ርዕስ የሚቀበሉት ልጆች በየረድፉ እያለፉ ይመጣሉ፤ አንዷ ባሏን፣ አንዷ ልጇን፣ አንዱ በሽታውን ይነግራቸዋል። እኛ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ።

"እናታችን፣ የጸሎት ርዕስ አለዎት?"

እናቴ በሕይወቷ የሐሰት ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። ክራንቼን ከመንገዳቸው ሰብሰብ አድርጋ ወደ ራሷ ታስጠጋዋለች።

"የለኝም" ትላቸዋለች።